279 ጊዜ የተሸነፈው ዋልተር ጆንሰን ለምን የዘመኑ ምርጥ ተባለ? የቀረበ ጥያቄና ምላሹ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ልጄ ዘንድሮ ቤተስዳ፣ ሜሪላንድ ወዳለው ዋልተር ጆንሰን ሃይስኩል ገባ። ስሙ የማን እንደሆነ ስጠይቅ የድሮ ቤዝቦል ተጫዋች ነው አሉኝ። ኢንተርኔት ላይ ሳየው 417 አሸነፈ፣ 279 ተሸነፈ ይላል። እኔ የማውቀው እግር ኳስ ነው። 279 ጊዜ የተሸነፈ ሰው እንዴት የዘመኑ ምርጥ ይባላል? ደግሞስ ዘጠኝ ሰው ተሰልፎ እየተጫወተ ሽንፈቱ ለምን በአንድ ሰው ስም ይጻፋል?»

ወንድሜ፣ ከሁለተኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ የመጀመሪያው መልስ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ይያዙልኝ።

በቤዝቦል ኳሷን ለመቺው የሚወረውረው ተጫዋች ፒቸር ይባላል። ጨዋታው የሚጀምረው ከእሱ እጅ ነው፤ እሱ ካልወረወረ ማንም ከቦታው አይነቃነቅም። ስለዚህ የጥንቶቹ መዝጋቢዎች የጨዋታውን ውጤት በፒቸሩ ስም መጻፍ ጀመሩ። ቡድኑ መሪነቱን ይዞ ሲያሸንፍ ያን ጊዜ ሲወረውር የነበረው ፒቸር «አሸነፈ» ይባላል፤ ልዩነት የፈጠረችው ነጥብ የተቆጠረችበት ፒቸር ደግሞ «ተሸነፈ» ተብሎ ይመዘገባል። ወደ እግር ኳስ ላምጣልዎት፦ የአንድ ክለብ ድልና ሽንፈት ሁሉ በበረኛው ስም ቢጻፍ ምን ይመስላል? በረኛው አንድ ጎል ብቻ ገብቶበት አጥቂዎቹ ባዶ እጃቸውን ቢወጡ፣ መዝገቡ «በረኛው ተሸነፈ» ሊል ነው። የፒቸር ነገር እንዲያ ነው። የሌላውን ቡድን መቺዎች ማስቆም ይችላል፤ ለራሱ ቡድን ነጥብ ማምጣት ግን በአብዛኛው የሌሎቹ ሥራ ነው። አንድ እጅ አያጨበጭብም የምንለው ለዚህ ነው።

በዚያ ላይ ጨዋታው ዘጠኝ ዙር አለው፤ አንዱ ዙር ኢኒንግ ይባላል። የዛሬ ፒቸር አምስት ስድስት ኢኒንግ ወርውሮ ለሌላ ያስረክባል። ያኔ ግን የጀመረ ይጨርስ ነበር። ዋልተር ጆንሰን በ21 ዓመት ውስጥ 666 ጨዋታዎችን ጀምሮ 531ዱን እስከ መጨረሻው ራሱ ወርውሯል። እንዲህ ሲሆን ሽንፈቱን የሚጋራው ሌላ ፒቸር የለም።

አሁን ያ 279 ከምን እንደተሠራ እንየው። በ65ቱ ጨዋታ የገዛ ቡድኑ አንዲት ነጥብ እንኳ አላስቆጠረለትም። ሰውየው መልአክ ቢሆን እነዚያን ጨዋታዎች ማሸነፍ አይችልም ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 26ቱ 1 ለ 0 ያለቁ ናቸው፤ ማለትም አንድ ነጥብ ብቻ ተቆጥሮበት፣ መዝገቡ ላይ ተሸናፊ ሆኖ ገባ። በሌላ ወገን ደግሞ ራሱ 1 ለ 0 ያሸነፋቸው 38 ናቸው። እኔ የድሮ ጨዋታ መዝገቦችን ማገላበጥ ከጀመርኩ ረጅም ጊዜዬ ነው፤ እንደ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች የሰውየውን ኑሮ የሚያሳይ አላገኘሁም። ለስህተት የሚሆን ቦታ ሳይኖረው ነው ሥራውን የሠራው።

አንድ ዓመት ልውሰድና እናስላው። በ1913 የዋሺንግተኑ ቡድን፣ ሰው ሴናተርስ እያለ የሚጠራው፣ 90 አሸንፎ 64 ተሸነፈና ከስምንት ቡድኖች ሁለተኛ ወጣ። ከዚያ ውስጥ ዋልተር ብቻውን 36 አሸንፎ የተሸነፈው 7 ነው። እሱን ይቀንሱት፤ የቀሩት ፒቸሮች ሁሉ ተደምረው 54 አሸንፈው 57 ተሸነፉ። በ1911 ደግሞ ቡድኑ ዓመቱን ሙሉ ያሸነፈው 64 ጨዋታ ሲሆን 25ቱ በእሱ እጅ የመጡ ናቸው። በ1909 ግን ለእሱም ከበደው። ቡድኑ 42 አሸንፎ 110 ተሸነፈ፤ ዋልተር ራሱ 13 ለ 25 ወጣ፤ ማለትም 13 አሸንፎ 25 ተሸነፈ። በዚያው ዓመት በየዘጠኝ ኢኒንጉ የተቆጠረበት ነጥብ በአማካይ 2.22 ብቻ ነበር። ይህ የመጥፎ ወርዋሪ ቁጥር አይደለም። ቻርልስ ድራይደን የተባለ ጋዜጠኛ፣ ስለ ጆርጅ ዋሺንግተን ሲባል የኖረውን ውዳሴ አዙሮ «ዋሺንግተን፦ በጦርነት አንደኛ፣ በሰላም አንደኛ፣ በአሜሪካን ሊግ መጨረሻ» ያለው ስለዚህ ቡድን ነው። አባባሉ ተይዞ ቀረ።

ሰውየው ራሱ የገበሬ ልጅ ነው። ኖቬምበር 6 ቀን 1887 ካንሳስ ውስጥ፣ ሀምቦልት ከምትባል ከተማ አጠገብ ተወለደ። እርሻው አልሆን ሲላቸው ቤተሰቡ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ኦሊንዳ ወደሚባል የነዳጅ ማውጫ ሰፈር ሄደ፤ ዋልተር ያኔ ገና 14 ዓመቱ ገደማ ነው። ኳስ መወርወር የጀመረው እዚያ፣ ከነዳጅ ሠራተኞች ቡድን ጋር ነው። በ1906 በታኮማ የሚገኝ ቡድን ሞክሮት አሰናበተው። ወደ ቤት አልተመለሰም፤ አይዳሆ ውስጥ ዋይዘር ወደምትባል ትንሽ ከተማ ሄደ፣ ለስልክ ኩባንያ እየሠራ ለከተማዋ ቡድን መጫወት ጀመረ። በ1907 እዚያ ከ70 ኢኒንግ በላይ አንድም ነጥብ ሳይቆጠርበት ወረወረ።

ወሬውን ወደ ዋሺንግተን ያደረሰው እየዞረ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ነበር፤ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ይጽፍ ነበር። አሰልጣኙ ጆ ካንቲሎን ጉዳት ላይ የነበረውን ካቸር (ከመቺው ኋላ ሆኖ የፒቸሩን ኳስ የሚቀልበው ተጫዋች) ክሊፍ ብላንከንሺፕን «ሄደህ እየው» ብሎ ላከው። ብላንከንሺፕ አየና በ100 ዶላር ጉርሻና በወር 350 ዶላር አስፈረመው። ልጁ ከመፈረሙ በፊት «ካልተሳካልኝ የመመለሻ ትኬቴንስ ማን ይከፍላል?» ብሎ ጠየቀ እየተባለ ይወራል። ያልተሳካለት ከአንድ ዓመት በፊት ስለሆነ፣ ጥያቄው እውነት ከሆነ አልፈርድበትም።

ኦገስት 2 ቀን 1907 የመጀመሪያ ጨዋታው ነበር፤ ተጋጣሚው በዚያው ዓመት የሊጉ አሸናፊ የሆነው የዲትሮይት ቡድን ነው። የ19 ዓመቱ ልጅ 3 ለ 2 ተሸነፈ። ከ279ኙ የመጀመሪያው ያ ነው። ግን የዲትሮይቶቹ መቺዎች ያን ቀን ያደረጉትን ልብ ይበሉ፦ በሙሉ ኃይል መምታቱን ትተው ኳሷን በዱላቸው መንካትና ሜዳው ላይ ጠብ ማድረግ ያዙ። ዘዴውን ከመሩት አንዱ የሊጉ ምርጥ መቺ ታይ ኮብ ነበር። ምርጥ መቺዎች አንድ ወጣት ከገጠር በመጣ በመጀመሪያው ቀን ዱላቸውን ማወዛወዝ ከተዉ፣ ያዩት ነገር አለ ማለት ነው። ኮብ ከዓመታት በኋላ ስለዚያች ቀን ሲያወራ ኳሷ አጠገቡ ስታልፍ ታፏጭ እንደነበር ተናግሯል።

እንዴት ነበር የሚወረውረው? ልጆች ሳሰለጥን ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ይህ ነው፤ በጊዜው የተቀረጸ ፊልምም ስላለ ማየት ይቻላል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ85 አካባቢ ነው፤ ክንዶቹ ግን ለቁመቱ እንኳ በጣም ረጅም ነበሩ። ዛሬ እንደምናየው ከራስ በላይ አይወረውርም። ክንዱን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ እንደ ጅራፍ ከጎን በኩል ለቀቅ ያደርጋታል። ፊቱ ላይ ጭንቅ አይታይም፣ ሰውነቱም አይንፈራገጥም። መቺውን የሚያታልለው ይኸው ነው፤ የተዝናና የሚመስል ሰው የለቀቃት ኳስ ደርሳ ታልፋለች። ብሪጅፖርት፣ ኮኔቲከት ውስጥ የጥይት ፍጥነት በሚለካበት ቦታ ወርውሮ 134 ጫማ በሰከንድ ተመዝግቦለታል፤ በሰዓት ወደ 147 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከፒቸሩ ቦታ እስከ መቺው 18 ሜትር ከ44 ሳንቲም ነው። መቺው ለማየትም፣ ለመወሰንም፣ ለመምታትም ግማሽ ሰከንድ የማይሞላ ጊዜ አለው። እዚያ ላይ ያኔ አንድ ኳስ ቆሽሻ እስክትጠቁር ድረስ ሳትለወጥ ትቆይ ነበር፤ ሜዳውም የምሽት መብራት የለውም። ዋልተር ለብዙ ዓመታት ሌላ ዓይነት አወራወር አላስፈለገውም። መቺው ፈጣን ኳስ እንደሚመጣበት ያውቃል፤ ማወቁ ግን አይረዳውም። ሬይ ቻፕማን የተባለ የክሊቭላንድ ተጫዋች ሁለት ኳስ ካለፈው በኋላ ሦስተኛዋን ሳይጠብቅ ዱላውን ይዞ ወደ መቀመጫው ሄደ፤ ዳኛው አንድ ቀርቶሃል ሲለው አልፈልጋትም አለ እየተባለ ይነገራል።

ስሙ በአገር ሁሉ የተጠራው በሴፕቴምበር 1908 ነው። ቡድኑ ኒው ዮርክ ሄዶ፣ ዛሬ ያንኪስ ከሚባለው፣ ያኔ ሃይላንደርስ ከነበረው ቡድን ጋር ተጋጠመ። ዓርብ ሴፕቴምበር 4 ዋልተር ወርውሮ 3 ለ 0 አሸነፈ። ፒቸር ከአንድ ጨዋታ በኋላ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ክንዱን ማሳረፍ አለበት፤ ግን ቅዳሜም እሱን አወጡት፣ 6 ለ 0 አሸነፈ። እሑድ በኒው ዮርክ ሕግ መጫወት ክልክል ስለነበር አረፈ። ሰኞ ሦስተኛ ጊዜ ወጣ፤ 4 ለ 0። ኒው ዮርኮች በመጀመሪያው ቀን ስድስት ጊዜ፣ በሁለተኛው አራት ጊዜ፣ በሦስተኛው ሁለት ጊዜ ብቻ ኳሷን መትተው ቤዝ ደረሱ፤ ቤዝ ማለት መቺው ነጥብ ለማስቆጠር በየተራ እየሮጠ የሚረግጠው ጣቢያ ነው። እየደከመ መሄድ የነበረበት ሰው እየጠነከረ ሄደ። ዕድሜው ገና 20 ነው። ዛሬ አንድ አሰልጣኝ ለ20 ዓመት ልጅ እንዲህ ቢያደርግ ከሥራው ይባረራል፤ መባረርም አለበት።

ለእኛ ለዋሺንግተን አካባቢ ነዋሪዎች ደግሞ ኤፕሪል 14 ቀን 1910 አለች። ፕሬዚዳንት ዊልያም ታፍት የዓመቱን የመጀመሪያ ኳስ ከተመልካቹ መቀመጫ ወረወረ፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ይህን ሲያደርግ የመጀመሪያው ነበር። የቀለባት ዋልተር ነው። ቀጥሎም ፊላደልፊያን 3 ለ 0 ሸኘ፤ ተጋጣሚዎቹ በጨዋታው ሁሉ ያገኟት ምት አንዲት ብቻ ናት። እሷም የተገኘችው የቀኝ መስመር ተጫዋቹ ኳሷን ሊቀልብ ሲሮጥ፣ ሜዳው ሞልቶ ዳር ላይ የተቀመጠ ሕፃን አደናቅፎት ነው። በማግስቱ ዋልተር ኳሷን ወደ ኋይት ሐውስ ልኮ ፕሬዚዳንቱ ፈረመለት።

ከ1910 እስከ 1919 በተከታታይ በየዓመቱ 20ና ከዚያ በላይ አሸንፏል። ከሁሉ የሚበልጡት ግን 1912 እና 1913 ናቸው። በ1912 ሳይሸነፍ 16 ጨዋታ ደረደረ፣ ዓመቱንም 33 ለ 12 ጨረሰ። በ1913 ከላይ ያልኩት 36 ለ 7 መጣ፤ በአንድ ወቅት 55 ከ2/3 ኢኒንግ አንዲት ነጥብ ሳይቆጠርበት ወረወረ። ይህን ክብረ ወሰን ዶን ድራይስዴል እስኪሰብረው ድረስ 1968 ደረሰ።

እዚህ ላይ እርስዎ ሌላ ነገር መጠየቅዎ አይቀርም፦ እንዲህ ያለ ሰው ለምን ወደ ጠንካራ ቡድን አልተዛወረም? አይችልማ። ያኔ በቤዝቦል ውል ውስጥ ተጫዋቹን ከክለቡ ጋር የሚያስር አንቀጽ ነበር፤ ውሉ ሲያልቅ ክለቡ በራሱ ፈቃድ ያድሰዋል፣ ተጫዋቹ ግን ለሌላ መፈረም አይችልም። ያለው ምርጫ የሰጡትን መቀበል፣ አለበለዚያ ጨዋታውን ትቶ ማረስ ነው። ይህ አሠራር የፈረሰው በ1975 ነው። ዋልተር አንድ ጊዜ ብቻ በር ተከፍቶለታል። ፌዴራል ሊግ የሚባል ተቀናቃኝ ሊግ ተቋቁሞ በ1914 መጨረሻ የቺካጎው ቡድን በብዙ ገንዘብ አስፈረመው። የዋሺንግተኑ አሰልጣኝ ክላርክ ግሪፊዝ ግን እንዲመለስ ለመነው። ለማስመለሻ ከሚያስፈልገው ገንዘብ የረዳው ማን እንደሆነ ቢያውቁ ይገርምዎታል፤ የሌላ ክለብ ባለቤት፣ የቺካጎ ኋይት ሶክሱ ቻርልስ ኮሚስኪ። ዋልተር እዚያው ከተማ በሌላ ቡድን ውስጥ ቢወረውር ተመልካቼን ይወስድብኛል ብሎ ፈርቶ ነው። ዋልተር ተመለሰ። ፈርሞ መመለሱን ያልወደዱለት ነበሩ፤ እኔ ግን ጥፋቱ ሠራተኛውን እንደ ዕቃ ከሚቆጥረው ውል ነው ባይ ነኝ።

በ1916 ደግሞ ሽንፈት ምን ማለት እንደሆነ ጥሩ አድርጎ የሚያሳይ ነገር ሆነ። ከ369 ኢኒንግ በላይ ወርውሮ ማንም፣ አንድም ሰው፣ ሆምራን አልመታበትም፤ ሆምራን ማለት መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ትልቅ ምት ነው። አማካዩ 1.90 ነው። ውጤቱስ? 25 አሸንፎ 20 ተሸነፈ። በዕድሜ ልኩ ከ5,900 ኢኒንግ በላይ ወርውሮ 97 ሆምራን ብቻ ነው የተመታበት።

ስለ ጠባዩ ብዙ ይባላል፤ የተጋነነውን ትቼ በጨዋታው ላይ የታየውን ልንገርዎት። ሰው መምታት ይፈራ ነበር። ያኔ የመቺ ራስ መከላከያ የለም፤ ያ ፍጥነት ራስ ላይ ቢያርፍ ይገድላል። ከላይ የጠቀስኩት ሬይ ቻፕማን በኦገስት 1920 በሌላ ፒቸር ኳስ ራሱን ተመትቶ በማግስቱ ሞቷል። ታይ ኮብ የዋልተርን ፍርሃት አወቀበት፤ ስለዚህ ሆን ብሎ ወደ መምቻው ሰሌዳ ተጠግቶ ይቆም እንደነበር ራሱ አውግቷል። ዋልተር እንዳይመታው ብሎ ኳሷን ወደ ውጭ ያርቃል፤ ኮብም ያንን ጠብቆ ይመታል። ሌሎች ፒቸሮች እንዲህ የተጠጋባቸውን መቺ ሆን ብለው ያስደነግጡ ነበር፤ እሱ አላደረገውም። ቢሆንም ኳሷ ከጎን ስለምትመጣ በዘመኑ ከ200 በላይ መቺዎችን ነክቷል፤ ልቡ ደግ መሆኑ ክንዱን አላለዘበውም።

ጁላይ 1 ቀን 1920 ቦስተን ላይ አንድም ምት ሳይፈቅድ 1 ለ 0 አሸነፈ። አንድ ተጫዋች ብቻ ቤዝ የደረሰው በቡድን ጓደኛው በባኪ ሃሪስ ስህተት ነው። ከዚያ ወዲያው ክንዱ ታመመ፤ ያን ዓመት 8 ለ 10 ጨረሰ። ቀጣዩ ዓመት 1921 የባሰ ሆነ። በጁላይ አባቱ ሞቱ፣ በዲሴምበር የሁለት ዓመት ልጁ ኤሊኖር በኢንፍሉዌንዛ አረፈች። ዕድሜው 34 ሆኗል፤ አበቃለት ያሉ ብዙ ነበሩ። ቢሆንም በ1923 ሦስት ሺህኛ መቺውን በስትራይክአውት አሰናበተ። ስትራይክአውት ማለት መቺው ኳሷን ሜዳ ውስጥ ሳያገባ ሦስት ዕድሉን ጨርሶ መውጣት ነው። ከእሱ በፊት ማንም 3,000 አልደረሰም፤ ሁለተኛው ሰው ቦብ ጊብሰን የደረሰው በ1974 ነው።

ወደ 1924 ልምጣ። ቡድኑ በ27 ዓመቱ አሰልጣኝ፣ በዚያው በባኪ ሃሪስ እየተመራ የሊጉ አሸናፊ ሆነ። ዋልተር በ36 ዓመቱ 23 ለ 7 ሆኖ የሊጉ ኮከብ ተባለ፤ በ18ኛ ዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች ለዋንጫ የሚገጥሙበት ወርልድ ሲሪስ ገባ። ከኒው ዮርክ ጃይንትስ ጋር ሰባት ጨዋታ ነው፤ አራት ቀድሞ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። የመጀመሪያውን ጨዋታ 12 ኢኒንግ ሙሉ ወርውሮ 12 ሰው በስትራይክአውት አስወጥቶ 4 ለ 3 ተሸነፈ። አምስተኛውን 6 ለ 2 ተሸነፈ። አስቡት፤ 17 ዓመት ጠብቆ የመጣለትን ዕድል ሁለት ጊዜ አጣው።

ኦክቶበር 10፣ ሰባተኛው ጨዋታ፣ ዋሺንግተን። በስምንተኛው ኢኒንግ ቡድኑ 3 ለ 1 እየተመራ ሃሪስ የመታት ኳስ ጠጠር ነክታ በሦስተኛው ቤዝ ተከላካይ ራስ ላይ ዘለለች፤ 3 ለ 3 ሆነ። ዘጠነኛው ላይ ዋልተር ወደ ሜዳ ወጣ። ከአምስተኛው ጨዋታ በኋላ ያረፈው አንድ ቀን ነው። አንድ ሰው ከወጣ በኋላ የጃይንትሱ ፍራንኪ ፍሪሽ ትልቅ ምት መትቶ ሦስተኛው ቤዝ ደረሰ። አንዲት ቀላል ኳስ ብትነካ ነጥብ ናት። ዋልተር ለቀጣዩ መቺ የማይመታ ኳስ እየወረወረ ሆን ብሎ ወደ አንደኛ ቤዝ አሳለፈው። ከዚያ ጆርጅ ኬሊን በስትራይክአውት አስወጣው። ቀጣዩ መቺ ወደ ሜዳ ውስጥ መሬት ላይ ሰደዳት፤ ወጣ። ሦስት ሰው ሲወጣ የቡድኑ ተራ ያልቃልና ፍሪሽ እዚያው ቀረ። አሥረኛው፣ አሥራ አንደኛው፣ አሥራ ሁለተኛው ኢኒንግ አለፈ፤ በአራቱ ኢኒንግ ማንም አላስቆጠረበትም።

በአሥራ ሁለተኛው ላይ የዋሺንግተኑ ሙዲ ሩል ኳሷን ወደ ላይ አጓናት። የጃይንትሱ ካቸር ሃንክ ጋውዲ ሊቀልባት ሲሄድ የጣለው የራሱ የፊት መከላከያ እግሩ ውስጥ ገባና ኳሷ ወደቀች። ሩል ዳግም ዕድል አገኘና ሁለተኛ ቤዝ የሚያደርስ ምት መታ። ቀጣዩ መቺ ራሱ ዋልተር ነበር፤ በተጋጣሚው ስህተት አንደኛ ቤዝ ደረሰ። ቀጥሎ ኧርል ማክኒሊ መሬት ለመሬት ወደ ሦስተኛው ቤዝ ሰደዳት። የ18 ዓመቱ ፍሬድ ሊንድስትሮም ሊይዛት ተዘጋጅቶ ቆሞ፣ ኳሷ እንደገና ጠጠር ነክታ ራሱ ላይ ዘለለች። ሩል ገባ፤ 4 ለ 3። አሸናፊው ፒቸር ዋልተር ጆንሰን ሆኖ ተጻፈ። ዋሺንግተን ሌላ የወርልድ ሲሪስ ዋንጫ ያገኘችው ከ95 ዓመት በኋላ፣ በ2019 ነው፤ ያንን ምናልባት እርስዎም በቴሌቪዥን አይተውት ይሆናል።

በሚቀጥለው ዓመት ከፒትስበርግ ጋር ተመሳሳይ መድረክ ላይ ሁለት ጨዋታ አሸንፎ ሰባተኛውን በዝናብና በጭቃ ውስጥ 9 ለ 7 ተሸነፈ። 15 ጊዜ መቱት፤ ሃሪስ ግን አልቀየረውም። የሊጉ ፕሬዚዳንት ስሜትህን ተከትለህ ዋንጫ አሳጣኸን ብሎ አሰልጣኙን ወቀሰው። እኔ ወቀሳው ትክክል ይመስለኛል፤ ሃሪስን ግን እረዳዋለሁ። በ1927 የልምምድ ወቅት የራሱ የቡድን ጓደኛ የመታት ኳስ እግሩን ሰበረችው። በዚያው ሴፕቴምበር 30 ቀን በሌላ ፒቸር ፋንታ ለመምታት ገብቶ ኳሷን ወደ ቀኝ ሜዳ አጓናት፤ የቀለባት ቤብ ሩዝ ነው። ቤብ ሩዝ በዚያው ጨዋታ የዓመቱን 60ኛ ሆምራን መትቶ ነበር። የዋልተር የመጨረሻ ጨዋታ ያ ሆነ።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ለልጅዎ ሙሉውን አልነገርኩም ማለት ነው። በዋልተር ዘመን ጥቁር ተጫዋቾች በሊጉ እንዳይጫወቱ ተከልክለው ነበር። 417ቱ ድልም፣ ከእነሱ ውስጥ ተጋጣሚው አንድም ነጥብ ያላስቆጠረባቸው 110ሩም የተገኙት ጥቁር ተጫዋቾች ባልተፈቀዱባቸው ጨዋታዎች ነው። ይህ ክንዱን አያሳንስም፤ የዘመኑን ውድድር ግን ያሳንሳል። ዋልተር ራሱ በ1939 የጥቁሮች ሊግ ካቸር የነበረውን ጆሽ ጊብሰንን አይቶ 200,000 ዶላር የሚያወጣ ተጫዋች ነው ብሎ ለዋሺንግተን ፖስት ጋዜጠኛ መስክሯል፤ ቀለሙ እንደሚያግደውም አብሮ ተናግሯል። ጊብሰን ሊጉ ሳይከፈትለት በ1947 ሞተ። ዛሬ በናሽናልስ ፓርክ የሁለቱም ሐውልት አለ።

ስታዲየሙ የት ነበር ቢሉ፣ መቼም ሳያውቁት አልፈውበታል። ጆርጂያ አቨኑ ላይ፣ ዛሬ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ያለበት ቦታ ነው። ከዩ ስትሪትና ከናይንዝ ስትሪት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር ይደረሳል። ስንቱ የእኛ ሰው ልጁን የታቀፈው በዚያ ሆስፒታል ነው። ስታዲየሙ የፈረሰው በ1965 ነው። ታፍት ኳሷን የወረወረው፣ ሩል ያቺን ነጥብ ያስቆጠረው እዚያው መሬት ላይ ነው።

ስሙ ለቤተስዳ ትምህርት ቤት የተሰጠው ደግሞ በዋሺንግተን ስለተጫወተ ብቻ አይደለም፤ የአካባቢው ነዋሪ ነበር። ከባለቤቱ ከሄዘል ጋር ቤተስዳ ኖሯል፤ እሷ በ1930 ሞተችበት፤ ልጆቹን ይዞ በኋላ ጀርመንታውን እርሻ ገዛ። ዋሺንግተንንና ክሊቭላንድን አሰልጥኗል፤ እንደ ወርዋሪነቱ ግን አልተሳካለትም። በ1936 ለቤዝቦል የክብር አዳራሽ የመጀመሪያው ምርጫ ሲደረግ ከተመረጡት የመጀመሪያዎቹ አምስት ሰዎች አንዱ ሆነ። በ1938 የሞንጎምሪ ካውንቲ ኮሚሽነር ሆኖ ተመረጠ፤ በ1940 ለኮንግረስ ተወዳድሮ ተሸነፈ። ዲሴምበር 10 ቀን 1946 በአንጎል ዕጢ ሞተ።

በሚቀጥለው ዓመት ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን በተገኙበት ስታዲየሙ ላይ የመታሰቢያ ሐውልት ቆመለት። ስታዲየሙ ሲፈርስ ሐውልቱ በ1956 ወደ ተከፈተው፣ ልጅዎ ወደ ገባበት ትምህርት ቤት ተዛወረ። ልጅዎን ለማምጣት ሲሄዱ ከመኪናዎ ወርደው አብራችሁ እዩት። መቃብሩም ሩቅ አይደለም፤ ሮክቪል፣ ከሄዘል ጎን ነው።